ደረሰኝ የማይቆረጥለት ወንበር

ሐምሌ ሰቆጣ ላይ ሁለት ነገር ይዞ ይገባል፤ ዝናብና ግብር። ዝናቡ የሚቀርበት ዓመት እንዳለ የዋግ ኽምራ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። ግብሩ ግን ደመናው ቢሸሽም፣ ማሽላው በቁሙ ቢደርቅም፣ ቀኑን ቆጥሮ ይደርሳል።

በዚያ ወር የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ኮሪደር ላይ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው ስለ አገሩ ብዙ ይማራል። በፌስታል የተጠቀለለ የአምና ደረሰኝ፣ ጠርዙ የተበላ የንግድ ፈቃድ፣ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የተላከና ያልተመለሰ ልጅ፣ «ከእኔ በፊት ማን ነበር?» የሚል ጭቅጭቅ። ባለሻይ ቤቷ እናት የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የተገመተባቸውን ይሰማሉ። «ኧረ ልጄ! በቀን ይህን ሁሉ ሻይ ብሸጥማ ከተማው መች እንቅልፍ ይወስደው ነበር?» ወጣቱ ባለሙያ ጨዋ ነው፤ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ «እማማ፣ እኔ አይደለሁም፤ ሲስተሙ ነው» ይላቸዋል። ሲስተሙ ማን እንደሆነና የት እንደሚኖር የሚያውቅ የለም፤ ሻይ እንደማይጠጣ ግን ግልጽ ነው። ከወረፋው ኋላ አንድ ድምፅ ይመጣል፦ «የእኛን እነሱ ገመቱት፤ የእነሱንስ ማን ይገምተዋል?» ኮሪደሩ ይስቃል። ባለሙያውም አንገቱን ደፍቶ ይስቃል፤ እሱም ደመወዝተኛ ነዋ።

«እነሱ» የተባሉት እነማን እንደሆኑ የጠየቀ አልነበረም።

«የእነሱንስ ማን ይገምተዋል?» የሚለው ጥያቄ በ2009 ዓ.ም. ክረምት ከኮሪደር ወጥቶ ጎዳና ላይ ታይቷል። የያኔው ችግር «የቀን ገቢ ግምት» ይባል ነበር። ገማቾች በየሱቁ እየዞሩ አነስተኛ ነጋዴው በቀን ምን ያህል እንደሚሸጥ ጽፈው ሄዱ፤ ሐምሌ ላይ ውጤቱ ሲነገር አዲስ አበባ ውስጥም፣ እንደ አምቦና ወሊሶ ባሉ የኦሮሚያ ከተሞችም ሱቆች ተዘጉ። ከግምቱ መብዛት በላይ ሰውን ያንገበገበው የገማቹ ዓይን ነበር። ያ ዓይን ከመንገድ ዳር ያለችውን የቲማቲም መደብ ቆጥሮ፣ የካልሲውን ደርዘን ቆጥሮ፣ አጥር ያለው ቪላ አጠገብ ሲደርስ እንቅልፍ የሚይዘው ይመስላል።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተለውጧል። በሐምሌ 2017 የጸደቀው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395፣ ደረጃ «ሐ» የሚባለውን የአነስተኛ ነጋዴ ምድብ አስቀርቶ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነውን ግለሰብ ነጋዴ ሁሉ ደረጃ «ለ» አድርጎታል። ሰቆጣ ውስጥ ፊደሉ ስለ ተለወጠ የኪሱ ክብደት የተለወጠለት ነጋዴ ካለ ድምፁን አላሰማም።

ደመወዝተኛው ደግሞ ወረፋም አይዝም። ግብሩ ሳያየው ይሄዳል፤ እንዲሰናበተው እንኳ ጊዜ አይሰጠውም። ወሩ መጨረሻ ላይ 9,000 ብር የሚጻፍለት አንድ መምህር እንውሰድ። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ስሌት 1,745 ብር ግብር ይቆረጥበት ነበር፤ 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ፣ 630 ብር፣ ሲጨመርበት እጁ ላይ የሚገባው 6,625 ብር ነው። ለዕድር፣ ለመዋጮ፣ ለድጋፍ፣ ለአበባ ተብሎ የሚቆረጠው ገና አልተነሣም። በዚያ አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ 600 ብር ነበር፤ ያ ቁጥር ጤፍና ዘይት እየሮጡ ሲያልፉት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቆሞ አያቸው። የ2017ቱ ማሻሻያ ነፃውን ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲያደርገው የዚሁ መምህር ግብር ወደ 1,400 ወረደ። ያተረፈው 345 ብር በወር መሆኑ ነው። ባለቤቱ ስትሰማ «ምኑን ልግዛበት?» ብትል አይፈረድባትም።

እውነቱን ለመናገር ሹሙም ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ሚኒስትር ይሁን የወረዳ አስተዳዳሪ፣ የፔሮል ሠራተኛው ሠንጠረዡን አውጥቶ እንደ መምህሩ ያሰላለታል። ግን ከሹመት ገቢ ውስጥ ትንሹ ደመወዝ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሰቆጣ ውስጥ ቢፈለግ ከሰባት ዓመት በታች ብቻ ነው የሚገኘው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ የዚያኑ የ2008ቱን አዋጅ አንቀጽ 65 ማንበብ ደስ ይላል። አንቀጹ ግብር የማይከፈልባቸውን ገቢዎች ይዘረዝራል። አሠሪ ለሠራተኛው የሚከፍለው የሕክምና ወጪ አለበት። በመመሪያ የተወሰነ የትራንስፖርትና የበረሃ አበል አለበት። የቤት ሠራተኛ ደመወዝ አለበት። እስከዚህ ማንም አይከፋም፤ አንዲት ልጅ ከደሃና ወይም ከዝቋላ ወረዳ ወጥታ ሰው ቤት እንጀራ እየጋገረች ከምታገኘው ላይ መንግሥት እጁን መሰብሰቡ ተገቢ ነው። ከዝርዝሩ መካከል ግን ሌላም ተቀምጧል፦ የመንግሥት የልማት ድርጅቶችና የመንግሥት አካላት የቦርድ አባላትና ጸሐፊዎች፣ እንዲሁም የፌዴራል ወይም የክልል መንግሥት ያቋቋማቸው የጥናት ቡድኖች አባላትና ጸሐፊዎች የሚከፈላቸው አበል።

የቤት ሠራተኛዋና የቦርድ ሰብሳቢው አንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው። በኢትዮጵያ ሕግ ሁለቱ እንዲህ በእኩልነት የተቀመጡበት ሌላ ገጽ ማግኘት ያስቸግራል።

የመንግሥት ድርጅት ቦርድ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ምሥጢር ሆኖ አያውቅም። አቶ አዲሱ ለገሠ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ቦርድ፣ አቶ በረከት ስምዖን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን፣ ዶክተር ደብረፅዮን ገብረሚካኤል የኢትዮ ቴሌኮምን በሰብሳቢነት የመሩባቸው ዓመታት ነበሩ። አንዳቸውም በዚህ አበል ሕግ ጣሱ የሚል የለም፤ ሕጉ ራሱ «ለዚህ አትክፈሉ» ይላል። ብስጭቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ሕግ የጣሰ ሰው ቢያዝ ይከሰሳል። ሕጉ አስቀድሞ የተጻፈለትን ሰው ግን በምን ይከሱታል? መምህሩ የማታ ክፍል አስተምሮ የሚያገኘው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከደመወዙ ጋር ተደምሮ ይቆረጥበታል። ሹሙ ከሥራ ሰዓቱ ላይ ተነሥቶ፣ በመንግሥት መኪና ሄዶ፣ ቦርድ ላይ ተቀምጦ ያገኘው አበል ግን ሳይነካ ቤት ይገባል። አንዱ ከሥራ በኋላ፣ አንዱ በሥራ ሰዓት፤ ግብሩ ያለው በመጀመሪያው ላይ ነው።

ዋግ ራሱ ለእንዲህ ያለው ወንበር እንግዳ አይደለም። በትውፊት እንደሚነገረው ሥልጣን ከዛግዌ ወደ ሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት ሲዛወር ዋግ ለዛግዌ ዘሮች ተተወላቸው፤ ገዥዎቹ ዋግሹሞችም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሌላው ሲቆም በወንበር የመቀመጥ ክብር ነበራቸው። ከሰቆጣ ብዙም ሳይርቅ ባለው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የአንዳንዶቹ አስከሬን ደርቆ ተቀምጧል ይባላል። ከዋግሹሞቹ መካከል ጎበዜ ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ዘውድ ጭነዋል። ያ ሁሉ ክብር በአየር ላይ አልቆመም። ከአፋር በረሃ ተጭኖ ሰቆጣ ገበያ የሚደርሰው አሞሌ ጨው በየበሩ ቀረጥ ተከፍሎበታል። ከታች ገባሩ አለ፤ ከላይ ባለጉልቱ። የገባሩ ሥራ መክፈል፣ የባለጉልቱ ሥራ መቀበል ነበር፤ ባለጉልቱን «አንተስ ምን ከፈልክ?» ብሎ የጠየቀ ቢኖር ጥያቄውን አልደገመውም።

ነገሩ ወደ ዘመናዊ ሕግ ሲገባ ይበልጥ ያስቃል። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መሬት ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ ተከፍሎ ግብር ተጣለበት። (የዋግን ድንጋያማ ተዳፋት ያየ ሰው «ጠፍ» ለሚለው ማብራሪያ አይጠይቅም።) የጉልት ባለመብቶች ከገባሩ ሰብስበው ለመንግሥት ጥቂት እያቀመሱ የቀረውን የሚያስቀሩበት ሥርዓት በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 230 ተሻረ። ቀጥሎ ከእርሻ በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር ይጣል የሚል ረቂቅ ወደ ፓርላማ ሄደ።

ፓርላማው ውስጥ የተቀመጡት እነማን ነበሩ? የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቱና ከሹማምንቱ ይመርጧቸዋል። ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደረው ደግሞ የምርጫ ሕጉ እንደሚለው በምርጫ ክልሉ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ንብረት፣ ካልሆነም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ሊኖረው ይገባል። እንግዲህ ባለመሬቶች ተሰብስበው በባለመሬቶች ላይ ግብር ይጣል ወይስ አይጣል ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ ረዥም ነበር፤ ረቂቁም እየተላጠ እየተላጠ በኅዳር 1960 አዋጅ ቁጥር 255 ሆኖ ወጣ። ጎጃም ይህንንም አልቀበልም ብሎ ተነሣ፤ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፣ በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፉን ማሩ። የታሪክ መጻሕፍት የጎጃምን ገበሬ ዓመፅ በሰፊው ይጽፋሉ፤ ይገባዋልም። ግብርን በመሸሽ ግን ፓርላማው ከጎጃም ቀድሞ ነበር። ልዩነቱ ጎጃሜው ጠብመንጃ ይዞ ጫካ ሲገባ፣ የተከበሩት አባል ካራቫታቸውን አስረው እጃቸውን ማውጣታቸው ነው።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ ነገሩ ራሱ ግብር ሰብሳቢው ቤት ገባ። ግንቦት 2005 የኢትዮጵያ ገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር አቶ መላኩ ፈንታ ከምክትላቸው ከአቶ ገብረዋህድ ወልደጊዮርጊስ ጋር፣ ከታወቁ ነጋዴዎች ጋር አብረው ተያዙ። ዐቃቤ ሕግ ካቀረባቸው ክሶች መካከል መከፈል የነበረበት ቀረጥና ግብር እንዳይከፈል ተደርጓል የሚል ይገኝበታል። ያን ሰሞን በየሻይ ቤቱ ሬዲዮ ከፍ ተደርጎ ይሰማ ነበር፤ ደረሰኝ አልቆረጥክም ተብሎ ሲቀጣ የኖረው ባለሱቅ ሁሉ ጆሮውን ቀሰረ። ከዚያም ክርክሩ ወደማይጠበቅ አቅጣጫ ዞረ። አቶ መላኩ በሚኒስትር ማዕረግ ስለነበሩ ጉዳያቸው በቀጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይታይ ወይስ አይታይ የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከፈረደባቸው ይግባኝ የሚሉበት ቦታ የላቸውምና። ነገሩ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሄዶ በከፍተኛው ፍርድ ቤት እንዲታይ ተወሰነ። ሕጋዊ መብት ነው፤ ማንም ሊነፈገው አይገባም። የቀን ገቢ ግምቱ በዛብኝ ያለች ባለጉልት ሴት፣ ማለትም ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ፣ ይግባኟን ማቅረብ የምትጀምረው ግን ለዚያው ለገመታት ጽሕፈት ቤት ነው። ግንቦት 2010 አቶ መላኩ ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ በመስከረም 2014 የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ክሱ ስለተቋረጠ ስለ ጥፋትም ሆነ ስለ ንጽሕና ባለሱቁ የሚፈርደው የለውም። የሚያስቀናው ሌላ ነገር ነው፦ የእሱ ቅጣት ተቋርጦ አያውቅም።

ሌላ አገርም ከዚህ አልተሻለም የሚል ማጽናኛ አለ። ግማሹ እውነት ነው። በፈረንሳይ ግብር ስወራን ሊያጠፋ የተሾመው የበጀት ሚኒስትር ዤሮም ካዩዛክ ስዊዘርላንድ ውስጥ የተደበቀ የባንክ ሒሳብ እንደነበረው ተደርሶበት በ2013 እ.ኤ.አ. ሥልጣኑን ለቀቀ። አሜሪካ ውስጥ በ2009 እ.ኤ.አ. ለጤና ሚኒስትርነት የታጩት ቶም ዳሽል ወዳጃቸው ያዋሳቸውን መኪናና ሾፌር እንደ ገቢ ስላላስመዘገቡ ወደ 140,000 ዶላር ከነወለዱ ከፍለው እንኳ ከዕጩነት ወጡ። ይህን ዜና ሰቆጣ ላይ ለሚያወራ ሰው የሚመጣለት ጥያቄ አንድ ነው፤ «መኪናና ሾፌር ገቢ ከሆነማ ማን ሊቀር ነው?»

ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የጎረቤት ወሬ ነው። የኬንያ የምክር ቤት አባላት ለዓመታት ግብር ሲከፍሉ የኖሩት በመነሻ ደመወዛቸው ላይ ብቻ ነበር፤ ከዚያ የሚበልጠው አበላቸው አይነካም። በ2010 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ያጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 210 ላይ ማንኛውም ሕግ ባለሥልጣንን በያዘው ሥልጣን ወይም በሥራው ጠባይ ምክንያት ከግብር ነፃ ሊያወጣ አይችልም ብሎ ዘጋው። የገቢዎች ባለሥልጣኑ በ2011 እ.ኤ.አ. ክፈሉ ብሎ ደብዳቤ ሲልክ የተከበሩት አባላት ጮኹ፤ ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪና ጠቅላይ ሚኒስትር ራይላ ኦዲንጋ ግን ለመክፈል ተስማሙ። ኬንያ ከዚያ በኋላ ገነት አልሆነችም፤ በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ወጣቶቿ አዲስ የግብር ረቂቅ ተቃውመው ፓርላማ ጥሰው እስከመግባት ደርሰዋል። ቢያንስ ግን አንቀጹን አንስቶ «ይኸው ተጽፏል» ማለት ይችላሉ። የእኛው አንቀጽ 65ም ተጽፏል፤ በግልባጩ።

ሰቆጣን ከዚህ ሁሉ ጋር የሚያገናኛት ስሟም ነው። በሐምሌ 2007 መንግሥት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። ስሙ የተመረጠው ከ1977ቱ ረሀብ ጋር ስለሚነሣ ነው። በዚያው ወር አዲስ አበባ ውስጥ ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የልማት ፋይናንስ ጉባኤ ተካሂዶ፣ ድሃ አገሮች ከእጃቸው ግብር አሰባስበው ራሳቸውን እንዲችሉ የሚያግዝ «የአዲስ አበባ የታክስ ተነሣሽነት» የሚሉት ውል ተፈርሟል። አንዱ ሰነድ ልጆቹን፣ ሌላው ገንዘቡን የያዘ ነው። ሁለቱ ባንድ ወር መወለዳቸው የተጠና ቢመስልም፣ የኢትዮጵያ የግብር ገቢ ከአገር ውስጥ ምርቷ ጋር ሲነጻጸር ዛሬም ከ10 በመቶ በታች ነው። ጉድለቱን ለመሙላት ሁልጊዜ የሚታሰበው ከታች ያለው መረብ ነው፤ ዓሣው ትንሽ ቢሆንም በቀላሉ ይያዛልና። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው አገር አቀፍ የግብር ንቅናቄ «ግዴታዬን እወጣለሁ፣ መብቴን እጠይቃለሁ» የሚል መፈክር ነበረው። የሰቆጣ ባለሱቅ የመጀመሪያውን ግማሽ በየዓመቱ በደረሰኝ ይፈጽማል። ለሁለተኛው ግማሽ መስኮት ቁጥር ስንት እንደሚሄድ ግን የነገረው የለም።

አንድ መስኮት በሕግ አለ። የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ተሿሚና ተመራጭ ያለውን ቤት፣ መሬት፣ አክሲዮን፣ የባንክ ሒሳብ፣ የገቢ ምንጭ ለሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ያስመዘግባል። የተመዘገበው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በጽሑፍ የጠየቀ ያያል ይላል ሕጉ። የቤተሰብ ሀብትን የሚመለከተው ክፍል ግን በምሥጢር ይያዛል። ሰቆጣ ጠጅ ቤት ውስጥ፣ የዋግ ነጭ ማር በሚጠመቅበት፣ ይህ አንቀጽ ሲነበብ የሚሆነውን ለመገመት አያስቸግርም። ጡረታ የወጡት መምህር መነጽራቸውን አውጥተው ያነባሉ፤ ሌላው ይጠይቃል።

«እሺ የኔታ፣ እዚያ ማዶ ያለው ጂ ፕላስ ሦስት ሕንፃ የማን ተብሎ ነው የተመዘገበው?»

«የአማታቸው ነው ይላሉ።»

«ላንድክሩዘሩስ?»

«እሱም የአማታቸው።»

«ታዲያ እኒህ አማት ግብር ይከፍላሉ?»

«ኧረ በማርያም! ምን ገቢ ኖሯቸው?» ይላሉ መምህሩ ብርሌያቸውን እያነሡ። «የሴፍቲኔት ተረጂ አይደሉ እንዴ!»